ክሩዝ ደሴት ላይ ሲቆም፦ ወርዶ፣ ውሎ፣ በሰዓቱ ለመመለስ ዝርዝር መመሪያ

ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና ተነስተው አሜሪካ ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ወላጆች አሁን አሁን ክሩዝ ላይም ይወጣሉ፤ ክሩዝ ማለት ሰው እያዝናናች በየወደቡ የምትቆም ትልቅ የመንገደኛ መርከብ ናት። ልጆቹ ትኬት ቆርጠው ይጠብቋቸዋል። መርከቧ ላይ እያሉ ብዙም ጣጣ የለም። ምግቡ አለ፣ መኝታው አለ፣ የጠፋ ሰውም ተፈልጎ ይገኛል። ነገር የሚበላሸው መርከቧ አንድ ደሴት ላይ ቆማ ሰዉ ለስድስት ለስምንት ሰዓት ሲወርድ ነው። አንዱ ሰዓት ይዛባበታል። አንዷን ፀሐይ ይመታታል። ሌላው ሦስት ቦታ አያለሁ ብሎ አንዱንም በቅጡ ሳያይ ታክሲ ውስጥ ይውላል።

ይህን የጻፍኩት ለእነዚያ ወላጆችና ይዘዋቸው ለሚሄዱ ልጆች ነው። ምሳሌዬ በአብዛኛው ኮዙሜል ነው፤ ከፍሎሪዳና ከቴክሳስ የሚነሱ መርከቦች አዘውትረው የሚቆሙበት የሜክሲኮ ደሴት። ሌላ ደሴት ከሆነም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ወረቀት፣ ገና አገር ቤት ሳላችሁ

ቪዛውን አንብቡ። የአሜሪካ ቪዛ ላይ ስንት ጊዜ ለመግባት እንደሚፈቅድ ተጽፏል። «ኤም» የምትል ፊደል ካለች ብዙ ጊዜ ነው፤ «1» ካለ አንድ ጊዜ ብቻ። መርከቧ ከማያሚ ተነስታ ባሃማስ ወይም ሜክሲኮ ደርሳ ስትመለስ፣ እናንተ ከአሜሪካ ወጥታችሁ እንደገና ልትገቡ ነው። ስለዚህ «1» የሚል ቪዛ ይዛችሁ፣ ልጃችሁ «ችግር የለውም እማዬ» ስላለ ብቻ እንዳትሳፈሩ። መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠየቅ።

የእያንዳንዱን ደሴት ሕግ ለየብቻ ጠይቁ። ለአሜሪካ ፓስፖርት የማይጠየቅ ቪዛ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ሊጠየቅ ይችላል። ዜግነት የቀየሩ ልጆች ይህን ይረሱታል፤ እነሱ ስላልተጠየቁ እናታቸውም የምትጠየቅ አይመስላቸውም። መርከቧ ወደ ግሪክ ደሴቶች የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የሸንገን፣ ማለትም የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ነው።

ቢጫ ካርዱን አትርሱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ማለቴ ነው። አንዳንድ የካሪቢያን ደሴቶች በቅርቡ ከኢትዮጵያ የወጣን ሰው ሊጠይቁ ይችላሉ።

የፓስፖርቱንና የቪዛውን ኮፒ በወረቀት አውጡ፣ ስልካችሁ ውስጥም ፎቶ አስቀምጡ። ዋናው ፓስፖርት፣ ወደቡ ካልጠየቀ በስተቀር፣ ክፍላችሁ ባለችው ካዝና ይቀመጥ።

*ወረቀቱ ካልተሟላ፦* «እኔ አልወርድም፣ መርከቧ ላይ እቀራለሁ» ማለት ብዙ ጊዜ አያዋጣም። የሚመልሷችሁ ገና መሳፈሪያው ላይ ነው። ስለዚህ ትኬቱ ሳይቆረጥ ጨርሱት።

ደረጃ 2፦ ቦርሳ

አንድ ትንሽ የጀርባ ቦርሳ ይበቃል። ውስጡ የሚከተለው ይግባ፦

- የመርከቧ ካርድ። እያንዳንዱ ተሳፋሪ የራሱ አለው። ስትወርዱም ስትመለሱም ይቃኛል፤ የክፍላችሁ ቁልፍም እሱ ነው። በገመድ አንገት ላይ ይንጠልጠል። ገመዱ ሳሎን ለብሰውት የሚታይ ጌጥ ባይሆንም ማንም አይስቅባችሁም፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው።
- ፎቶ ያለበት መታወቂያ።
- የአንድና የአምስት ዶላር ኖቶች። የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ኖት አይቀበሉም። መቶ ዶላር አውጥታችሁ መልስ አትጠብቁ።
- ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ፣ እንዲሁም ለተቅማጥ የምንበጠብጠው የኦአርኤስ ዱቄት አንድ ሁለት ፓኮ።
- የቀኑ መድኃኒት። ሙሉውን ሳይሆን የዚያን ቀን ብቻ፣ ትንሽ ትርፍ ጨምራችሁ።
- ሰፊ ኮፍያ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ልብስ፣ ነጠላ።
- ኮንጎ ጫማ። አልቀለድኩም። ድንጋያማ ባሕር ዳርቻ ላይ ሰውነቱ ሁሉ እሾህ የሆነ ፍጥረት አለ፣ የባሕር ጃርት በሉት። በባዶ እግር የረገጠው ሰው ቀኑን ሙሉ እሾህ ሲያስነቅል ይውላል። ቱሪስቱ ለዚህ ብሎ ውድ የውሃ ጫማ ይገዛል። ገበያ የምትሸጠው ኮንጎ ያንኑ ሥራ ትሠራለች፣ ውሃም አይበላሽባት።

የማይያዘውን ደግሞ እንይ። ፍራፍሬ፣ ሥጋና የወተት ነገር ከመርከቧ ይዞ መውረድ አይቻልም፤ በር ላይ ይወሰድባችኋል። ከቤት የመጣ ቆሎና ዳቦ ቆሎም ፋብሪካ ያሸገው ካልሆነ ክርክር ያስነሳል፣ ክፍላችሁ ቁጭ ብላችሁ ብሉት። ወርቅ አታድርጉ። የወታደር ልብስ የሚመስል ዝንጉርጉር ሱሪም ሆነ ኮፍያ አትልበሱ፦ ባርቤዶስና ጃማይካ ላይ ለሲቪል ሰው በሕግ የተከለከለ ነው፣ ሕፃንም ቢሆን።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን ማታውኑ ጨርሱ

ሰው የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

እናንተ ዘንድ ሦስት ሰዓት አለ። የመርከቧ ሰዓት፣ የደሴቱ ሰዓት፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር። ሦስቱ ሲደባለቁ ማንም ሊያስታርቃቸው አይችልም። የምትታዘዙት ለአንዱ ብቻ ነው፤ ለመርከቧ።

ኮዙሜልን ውሰዱ። ደሴቱ ያለበት ክልል ከ2015 ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቱን አይቀይርም። ፍሎሪዳ ግን ትቀይራለች። በእኛ አቆጣጠር ከየካቲት ማብቂያ ወይም ከመጋቢት መግቢያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ድረስ ፍሎሪዳ ከኮዙሜል አንድ ሰዓት ትቀድማለች። መርከቧ የፍሎሪዳን ሰዓት ይዛ ከቆየች፣ እሷ ዘንድ ከቀኑ 10፡30 ሲሆን ኮዙሜል ገና 9፡30 ነው። ስልካችሁ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብሎ፣ ሳትነግሩት፣ ራሱን ወደ ኮዙሜል ሰዓት ይቀይራል። እናንተ «አንድ ሰዓት አለን» ብላችሁ ኮኮናት ስትጠጡ መርከቧ ገመድ እየፈታች ነው።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ማታ ክፍላችሁ የሚመጣውን የነገውን ፕሮግራም ወረቀት ውሰዱ፣ ፎቶም አንሱት። ወረቀት ካልመጣ የመርከቧ መተግበሪያ ላይ አለ።
2. ሁለት ሰዓት ፈልጉ። አንደኛው መርከቧ የምትነሳበት ነው፤ እሱን እርሱት። ሁለተኛው ሁሉም ሰው ገብቶ የሚያልቅበት ሰዓት ነው። ብዙ ጊዜ ከመነሻው ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይቀድማል። የናንተ ሰዓት እሱ ነው።
3. ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጡት። ወረቀቱ ከሰዓት በኋላ 4፡30 ካለ ስድስት ጨምራችሁ ከቀኑ 10፡30 ነው።
4. በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉትና ካርዱ መያዣ ውስጥ ክተቱት። ልጅ በስልክ «በ10፡30 ተመለሺ» ብሏት፣ እናት የስልኳ ሰዓት 10፡30 እስኪል ከጠበቀች፣ ያ የሌሊቱ 4፡30 ነው። መርከቧ ያኔ ባሕር መሃል ናት።
5. ስልኩ ላይ ሰዓቱ በራሱ የሚቀየርበትን ማብሪያ አጥፉ፣ የመርከቧን ሰዓት በእጅ ሙሉ። ከዚህ የሚሻለው ግን የእጅ ሰዓት ነው። የእጅ ሰዓት ማንንም አይሰማም።

ስልኩን «ኤርፕሌን ሞድ» ላይ አድርጉት። ባሕር ላይ የመርከቧ ኔትወርክ በደቂቃ የሚያስከፍለው ገንዘብ ያስደነግጣል።

*ሰዓቱ ከተምታታባችሁ፦* አትገምቱ። የመርከቧን ካርድ ያንጠለጠለ ሌላ ሰው ፈልጉና የእጅ ሰዓቱን እዩ። ደሴቱ ላይ የሚሠራ ሰው አትጠይቁ፤ እሱ የሚነግራችሁ የሰፈሩን ነው።

ደረጃ 4፦ መውረድ

መርከቧ ወደብ ዳር ከተጠጋች ቀላል ነው፣ በድልድይ ትወርዳላችሁ። አንዳንድ ቦታ ግን መጠጊያ የለም። ካሪቢያን ባለችው ግራንድ ካይማን ላይና የግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ ላይ መርከቧ ባሕር ላይ ቆማ ትናንሽ ጀልባዎች ናቸው የሚያመላልሱት። ያኔ ተራ ቁጥር ይሰጣል። ለቁጥር ማልዳችሁ ተሰለፉ፤ የዘገየ ሰው ቀኑ እኩል ይሆንበታል።

ጀልባው ላይ ስትወጡ እጃችሁ ባዶ ይሁን፣ ቦርሳ ጀርባ ላይ። ረጅም የሀበሻ ቀሚስ አትልበሱ፣ ጠርዙ ይጠልፋል። መርከበኛው ክንዳችሁን ሲይዝ እናንተም ክንዱን ያዙ፣ ጣቱን ብቻ ሳይሆን። ጀልባው በማዕበሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል አትዝለሉ። ከፍ ብሎ ከእግራችሁ እኩል ሲመጣ «አሁን» ይላችኋል። ያኔ በአንድ እርምጃ፣ ሳታመነቱ።

ጉልበት የሚያማቸው ካሉ አስቀድማችሁ ለሠራተኞቹ ንገሩ። ሳንቶሪኒ ላይ ደግሞ ከወደቡ ወደ ከተማው 588 ደረጃ አለ። በኬብል መኪና ውጡ። የመመለሻው ሰልፍ ግን ከሰዓት በኋላ በጣም ይረዝማል፣ እሱን አስሉበት።

*ባሕሩ ተናውጦ ጀልባው ከቆመ፦* ደሴቱ ላይ ካላችሁ ከወደቡ አትራቁ፣ መርከቧ ራሷ ታወጣችኋለች። ገና ካልወረዳችሁ ቀኑ መርከቧ ላይ ያልፋል፣ አትከራከሩ።

ደረጃ 5፦ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

ሂሳቡን እንሥራው። መርከቧ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቆመች እንበል። ሰልፉ አልፎ ወጥታችሁ መሬት የምትረግጡት 3 ሰዓት ነው። መግቢያው 10፡30 ይዘጋል። ወደቡ ላይ 9 ሰዓት ተገኙ። የቀረው ስድስት ሰዓት። ታክሲ ሄዶ ለመመለስ አንድ ሰዓት ቀንሱ። አምስት ሰዓት ናት ያለቻችሁ። አምስት ሰዓት አንድ ባሕር ዳርቻና አንድ ምሳ ነው፤ የማያ ሕዝብ ጥንታዊ ፍርስራሽ፣ ገበያ፣ ዋናና የጀልባ ሽርሽር አይደለም።

ከኮዙሜል በጀልባ ተሻግሮ ወደ ዋናው ምድር መሄድ አለ። በራሳችሁ አትሞክሩት። መሻገሪያው ብቻ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ የመመለሻዋ ጀልባ ከዘገየች በመዋኘት አትደርሱባትም። መሻገር ካማራችሁ የመርከቧን ጉዞ ግዙ። ውድ ነው፣ እኔም ሌላ ጊዜ አልመክረውም፤ ጥቅሙ ግን የመርከቧ ጉዞ ላይ ሆናችሁ ከዘገያችሁ መርከቧ ትጠብቃለች ወይም በራሷ ወጪ ታደርሳችኋለች። ለብቻው የወጣን ሰው አትጠብቅም።

ደረጃ 6፦ ታክሲ

ኮዙሜል ላይ ታክሲ ቆጣሪ የለውም፣ ዋጋው ቁርጥ ነው። የታክሲ መቆሚያው ላይ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ አንሱት። ከዚያ በር ሳትከፍቱ አራት ጥያቄ ጠይቁ፦

1. ለመኪናው ነው ወይስ በሰው?
2. ለመሄጃ ብቻ ነው ወይስ ደርሶ መልስ?
3. ዶላር ነው ወይስ ፔሶ? ይህን በደንብ ያዙ፦ የፔሶ ምልክትም ያው የዶላሩ ምልክት ነው። ሰሌዳ ላይ ያያችሁት «300» ፔሶ ሊሆን ይችላል፣ በድንጋጤ እንዳትመለሱ። ሌላው ቀርቶ ሬስቶራንት ሜኑ ላይም እንደዚያው ነው።
4. መመለሻ ታክሲ እዚያ ይገኛል ወይ?

ሂሳቡን ስትደርሱ ክፈሉ፣ ቀድማችሁ አትስጡ። ባሃማስ፣ ጃማይካ፣ ባርቤዶስና ካይማን ላይ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ወላጆች ካሉ ክንዳቸውን ያዙ፤ ዕድሜ ልክ ወደ ግራ ያየ አንገት በአንድ ቀን አይለመድም።

ደረጃ 7፦ ፀሐይ

«ጥቁር ነን፣ ምን ይለናል» አትበሉ። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፣ መቅላቱ ስለማይታይ ብቻ ዘግይቶ ይታወቃል። እኛ ደጋ የምንኖር ሰዎች ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለን፤ ካልሞቀን ፀሐይ የለም እንላለን። ደሴት ላይ ነፋሱ ያቀዘቅዛል፣ አሸዋውና አረፋው ጨረሩን ከታች ይመልሳል። ሳይሞቃችሁ ትበስላላችሁ። ለሙቀቱ መለማመጃ ከፈለጋችሁ ከጉዞው በፊት ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት አንድ ሁለት ቀን እደሩ። እናትና አባታችሁ ሙቀቱን እንዴት እንደሚችሉት እዚያው ታያላችሁ።

- የፀሐይ ክሬም መከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ከመውረዳችሁ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ተቀቡ። ጆሮ፣ ማጅራት፣ የእግር ጀርባ፣ ፀጉር የሳሳበት አናት አይረሱ።
- በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት፤ ከውሃ ስትወጡም ወዲያው።
- ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጥላ ውስጥ ሁኑ።
- መድኃኒቱን እዩ። ለወባ መከላከያ የሚሰጠው ዶክሲሳይክሊን፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣሉ። አታቋርጧቸው፣ ይልቅ ሐኪሙን ጠይቁና ጥላውን አብዙት። ኢንሱሊን ፀሐይ ላይ አይቀመጥም።

ጥላ ስትፈልጉ ደግሞ ዛፉን አይታችሁ ምረጡ። ካሪቢያን ዳር ማንቺኒል የሚባል ዛፍ አለ። ፍሬው ትንሽ አረንጓዴ ፖም ይመስላል፣ ሽታው ደስ ይላል፣ መርዝ ነው። ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዝናብ ሲመጣ ከስሩ የተጠለለ ሰው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ያቆስለዋል። አንዳንድ ቦታ ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ይቀቡበታል። የማታውቁትን ፍሬ አታንሱ፣ አትቅመሱ፣ ለልጅም አትስጡ።

*ሰው ከደከመ፦* ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዙ ላብ ካለ ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ኦአርኤስ በትንሽ በትንሹ አጠጡት፣ ነጠላውን በውሃ ነክራችሁ አንገቱና ብብቱ ላይ አድርጉ። ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ምንም አታጠጡት። ያ ሆስፒታል ነው። ውሃ እያፈሰሳችሁ አቀዝቅዙት፣ አምቡላንስ ይጠራ።

ደረጃ 8፦ ውሃው

መቼም አብዛኞቻችን ዋና አንችልም። ስለዚህ ሕጉ አጭር ይሁን፦ ዋና የማይችል ከጉልበት አያልፍ። ኮዙሜል ላይ ምዕራቡ ዳር የተረጋጋ ነው። ምሥራቁ ዳር ያምራል፣ ማዕበሉና ስቡ፣ ማለትም ሰውን ወደ ባሕሩ ውስጥ የሚጎትተው ውሃ፣ ግን ኃይለኛ ነው፤ እዚያ ፎቶ አንሱና ተመለሱ።

ባንዲራውን እዩ። አረንጓዴ ረጋ ያለ ነው፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ ቀይ አትግቡ። ሐምራዊ ካያችሁ የሚናደፍ ነገር ውሃው ውስጥ አለ ማለት ነው።

*ስቡ ወደ ውስጥ ከወሰዳችሁ፦* ወደ ዳር በቀጥታ አትታገሉ፣ ትደክማላችሁ። ተንሳፈፉ፣ እጅ አንሱ፣ ከቻላችሁ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ሄዳችሁ ከስቡ ውጡ። የሚያይ ሰው ራሱ ዘሎ አይግባ፤ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውር፣ ነፍስ አድኑን ይጥራ።

ደረጃ 9፦ ምሳ፣ በተለይ በጾም

የክሩዙ ጊዜ ከሁዳዴ ጋር ብዙ ይገጥማል። «አትክልት ብቻ» ማለት አይበቃም። ሜክሲኮ ላይ የሚፈጨው ቦሎቄ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ይሠራል፣ ሩዙም በዶሮ መረቅ ሊበስል ይችላል። በስፓኒሽ እንዲህ በሉ፦ «ሲን ካርኔ» ያለ ሥጋ፣ «ሲን ኬሶ» ያለ አይብ፣ «ሲን ሁዌቮ» ያለ እንቁላል፣ «ሲን ማንቴካ» ያለ ስብ። ጻፉትና አሳዩ፣ አጠራሩ አያስጨንቃችሁ። የማያሳስበው የበቆሎ ቶርቲያ፣ በአቮካዶ የሚሠራው ጓካሞሌና የተላጠ ፍራፍሬ ነው። ውሃ የታሸገ ብቻ ጠጡ።

ጥብቅ ጿሚ ከሆናችሁ እስከ 9 ሰዓት ያለ ውሃ ፀሐይ ላይ አትዋሉ። ወይ ጥላ ውስጥ ተቀመጡ፣ ወይ የንስሐ አባታችሁን ከአገር ሳትወጡ አማክሩ።

ደረጃ 10፦ መመለስ

8፡30 ሲሆን ተነሱ፣ 9 ሰዓት ወደቡ ላይ። ሱቅ መግባት የምትፈልጉ እዚያው ወደቡ በር ላይ ግዙ፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም መርከቧ ትታያችኋለች። የባሕር ዛጎል፣ ኮራል፣ አሸዋ፣ ከኤሊ ቅርፊት የተሠራ ጌጥ አትግዙ፣ አታንሱም። ቢላ መግቢያው ላይ ይወሰዳል። የገዛችሁት መጠጥ ተይዞ መጨረሻ ቀን ይመለስላችኋል፤ ደረሰኙን ያዙ።

*ከቡድኑ አንድ ሰው ከጠፋ፦* ሁሉም ለፍለጋ አይበተን። አንድ ሰው ወደቡ በር ላይ ይቁም፣ አንድ ሰው ይፈልግ። ቀድሞ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በር ላይ ያሉትን ሠራተኞች ካርዱ ተቃኝቶ እንደሆነ ጠይቁ።

*ካርድ ከጠፋ፦* በመታወቂያችሁ አጣርተው ያስገቧችኋል፣ አዲስም ይሰጧችኋል። ብቻ ጊዜ ይወስዳል።

*መርከቧ ከሄደች፦* ወደቡን አትልቀቁ። የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ የወደቡ ወኪል ስልክ አለ፤ ለዚህ ነው ወረቀቱን ፎቶ ማንሳት ያለባችሁ። ደውሉለት ወይም ዘበኛውን አስደውሉት። ሠራተኞቹ መቅረታችሁን ካወቁ አንዳንዴ ፓስፖርታችሁን ከካዝናው አውጥተው ለወኪሉ ይተዉላችኋል፣ መጀመሪያ እሱን ጠይቁት። ቀጥሎ ልጆቻችሁ ጋ ደውሉ። ወደሚቀጥለው ወደብ የሚወስድ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ያ አገር ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነ አጣሩ፤ በመርከብ ሲገቡ ያልተጠየቀ ቪዛ በአየር ሲገቡ ሊጠየቅ ይችላል። መድኃኒታችሁ ክፍላችሁ ከቀረ ያንኑ ማታ ለወኪሉ ንገሩት፣ ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ።